በቁጠባ ናፍጣ የተጠየቀች ሙሽራ

ናፍጣ የሚጠጣ ነገር ደጃችሁ የቆመ ሰዎች ከሆናችሁ ብዙ ሳልናገር ይገባችኋል። ካልሆናችሁም ተመስገን በሉና አረፍ ብላችሁ ስሙኝ።

እኔ የሸዋ ሮቢት ሰው ነኝ። ሽንኩርትና ማንጎ ከገበሬው እየሰበሰብኩ ለሰንበቴና ለአጣዬ ገበያ አደርሳለሁ። ፊደል ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት፤ መንጃ ፈቃድ የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ መኪናውንም እንደዚያው አደርገው ነበር። የምነዳት ከአንድ ፕሮጀክት በጨረታ የወጣች አሮጌ ባለ ናፍጣ ፎርዊል ናት። የከተማችን ባጃጅ ነጂዎች "ወይዘሮዋ" የሚል ስም አውጥተውላታል። ተነሺ ሲሏት ቶሎ አትነሳም። ስትነሳም ጎረቤት ሳይሰማ አትነሳም። መንገድ ላይ ደግሞ በክብር ነው የምትራመደው፤ ከኋላዋ ያለው ሁሉ እጅ ነስቶ ይከተላታል፣ ጭሷን እየተቀበለ።

ታዲያ ይህች ወይዘሮ ካለፈው ክረምት ወዲህ አዲስ አመል አወጣች። ጠጪ ሆነች! ድሮ ካራቆሬ ደርሳ በምትመለስበት ናፍጣ አሁን አጣዬን ሳታይ ጉሮሮዋ ይደርቃል። መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ኮፈኗን ከፈተ፣ ፊልትሮዋን አራገፈ፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ እንደ ሐኪም አዳመጠና "እርጅና ነው፣ እትዬ" አለኝ። የጉልበቴን ሕመም የነገርኩት ሐኪምም ከጥቂት ቀን በፊት ይህንኑ ነበር ያለኝ። ሁለት ባለሙያ በአንድ ቃል ሲስማማ እኔ ማን ነኝ ብዬ ተቀበልኩ።

እንግዲህ ወይዘሮዋ እንዲህ ጠጪ በሆነችበት ሰሞን ናፍጣ ከከተማው ጠፋ። የወንድሜ ጉዳይ የመጣውም ያኔ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ደረጀ፣ እኛ ከተማ ልብስ ስፌት ልትማር የመጣች ጽጌ የምትባል የጣርማ በር ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። ያልወደዱት አባቷ ናቸው። ጋሼ ዘውዴ ይባላሉ፤ ተራራውን ከሚበሳው የመኪና ዋሻ በታች፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ካለ ጉብታ ላይ ገብስና ባቄላ የሚያመርቱ ደገኛ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክን። በመጀመሪያው "ከዘመድ ልማከር" አሉ። በሁለተኛው "ልጄን ቆላ አውርጄ ላቅልጣት?" አሉና ትንሽ ቆይተው፣ "ለማንኛውም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኑ። ያን ዕለት ቁርጡን ትሰማላችሁ" ብለው ሸኙ። በመካከሉ ከደብረ ብርሃን ሌሎች ሽማግሌዎች ጽጌን ለሌላ ወጣት ሊጠይቁ መምጣታቸውን ሰማን፤ ያውም በአዲስ መኪና። እሑድ ካልደረስን ነገሩ ለእነዚያ እንደሚያልቅ ጽጌ ራሷ ለደረጀ ደውላ ነገረችው።

ወንድሜ ምግብ አልበላም አለ። ያ ልጅ ምግብ ሲተው የማውቀው ወባ ሲይዘው ብቻ ነው።

ስለዚህ እሑድ ጠዋት ጣርማ በር መገኘት ነበረብን። ሚኒባሶቹ ናፍጣ አጥተው ተገትረዋል፤ ማደያው ገመድ ወጥሮ "የለም" ብሏል። ያለን ወይዘሮዋ ብቻ ናት፣ እሷም ሆዷ ውስጥ ግማሽ የማይሞላ ናፍጣ ይዛ። መመለሻው ቁልቁለት ነው፣ እሱ አላሳሰበኝም። ጭንቁ መውጫው ነው። የጣርማ በርን ዳገት ያየ ያውቀዋል፤ ሮቢት በላብ ታጥበህ ተነስተህ እዚያ ጥርስህን እያንገጫገጭክ ነው የምትደርሰው።

ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስተክዝ ያየኝ ሁሉ ምክር ይዞ መጣ። ሮቢት ውስጥ መኪና ያለው ሰው ይቆጠራል፤ ስለ መኪና ምክር የሌለው ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አንዱ፣ "መስኮት እንዳትከፍቺ፤ ንፋስ ገብቶ ወደ ኋላ ይጎትትሻል" አለ። ሌላው፣ "ጎማሽን እንደ ከበሮ አስነፊው" አለ። ባጃጅ ነጂው፣ "ቁልቁለት ስታገኚ ማርሽ አውጪና በፎሌ ልቀቂያት፤ እኛ እንደዚያ ነው የምንኖረው" አለኝ። ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤቴ ደግሞ፣ መኪና ነድታ የማታውቀው፣ "መኪና የሚበላው ሲነሳ ነው። አንዴ ከተነሳሽ ማንም ቢጠራሽ እንዳትቆሚ" አለች። ሁሉንም እሺ አልኩ። ሰው ሲጨንቀው ምክር አይመርጥም።

የመጨረሻው ምክር፣ "ክብደት ቀንሺ" የሚል ነበር። ጣሪያዋ ላይ ዕቃ የሚጫንበትን ፖርቶ መጋላ አስፈታሁ። የሽንኩርት ጆንያ፣ ባዶ ሳጥን፣ የቆየ ሰንሰለት፣ ሁሉን አወጣሁ። ምን ቀረ ብዬ ስዞር ዓይኔ ሽማግሌዎቹ ላይ አረፈ።

ደንቡ ሦስት ነው። ሦስተኛው ሽማግሌያችን ጋሼ ሙላት ግን ሲሳፈሩ ወይዘሮዋ በአንድ ጎኗ የምትሰግድላቸው ሰው ናቸው።

"ጋሼ" አልኳቸው እየተቅለሰለስኩ፣ "ሁለቱ ይበቃሉ ተባለ።"

"ማን አለ?"

"ናፍጣው።"

እስካሁን ሰላምታዬን በግማሽ አፍ ነው የሚመልሱልኝ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ተነሳን። ጋሼ በየነን አስቀድሜ ጫንኩ። አልጋ ቤት ያላቸው፣ ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ናቸው፤ የደጋውን ብርድ ፈርተው ሁለት ጋቢ ደርበዋል። ቀጥሎ ሐጂ እንድሪስ። ሐጂ ማሾ ነጋዴ ናቸው፣ የግድግዳ ጎረቤታችን። በእኛ ሰፈር ክርስቲያን ያግባ እስላም፣ ሐጂ ያልቆሙበት ሽምግልና እንደ ተላከ አይቆጠርም። ከዘራቸውን ይዘው በራቸው ላይ ሲጠብቁ ከሩቅ አየኋቸው። እኔ ደግሞ አንዴ ተነስቻለሁ።

መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጌ ጮህኩ፣ "ሐጂ፣ እየሄድኩ ይግቡልኝ!"

"ምን አልሽ?"

"አልቆምም! ሲነሳ ነው የሚበላው!"

"ማንን ነው የሚበላው?" አሉና ከዘራቸውን ብብታቸው ውስጥ ወትፈው መሮጥ ጀመሩ። ጋሼ በየነ በሩን ከፍተው እጃቸውን ዘረጉላቸው። ሐጂ በዚያ ዕድሜያቸው አንድ እግራቸውን መሬት፣ አንድ እግራቸውን ወይዘሮዋ ላይ አድርገው ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ገቡ። ሲቀመጡ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤

"ሱብሃነላህ። ለሐጅ ስሄድ እንኳ እንዲህ አልተቸገርኩም።"

ከከተማው መውጫ ላይ የማውቃት ማንጎ ሻጭ እጇን አውለበለበችልኝ። ልማዴ ነው፣ ቆሜ ስለ ልጆቿ ሳልጠይቅ አላልፍም። አለፍኳት። ራሴን ነቅንቄ ብቻ ሰላም አልኳት፤ ክላክስም ከባትሪ ይበላል ብለውኛል። ሮቢት ላይ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ሰው ከመግጨት አይተናነስም። ማታ ስመለስ "ወንድሟን ልትድር ነው ብላ ኮራች" የሚል ወሬ ቀድሞኝ ቤቴ ገብቶ ነበር።

መስኮቱን ዘግተናል። የሮቢትን ጠዋት ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ፀሐይዋ ስትወጣ አትሞቅም፣ ሞቃ ነው የምትወጣው። የጋሼ በየነ ፊት እየቀላ፣ ከዚያ እየወረዛ፣ ከዚያ እንደ ቲማቲም እያበራ ሄደ።

"ልጄ፣ ይቺን መስኮት ጣት ታህል ብቻ..."

"ንፋስ ይጎትተናል፣ ጋሼ።"

"ይጎትተን እንጂ! እኔ እዚሁ ተቀቅዬ ማለቄ ነው።"

"አንዱን ጋቢ ያውልቁት" አሉ ሐጂ።

"የት ላርገው? ክብደቱ ያው አይደለም እንዴ?" አሉ ጋሼ በየነ። እናንተዬ፣ ሰውየው በቁጣ ነው የተናገሩት፤ እኔ ግን እውነታቸውን ነው ብዬ አሰብኩበት።

ከበሮ የሆኑት ጎማዎቼ ደግሞ ጠጠር በነኩ ቁጥር ያነጥሩናል። ሐጂ ጣሪያውን በራሳቸው እየነኩ ዚክር ያደርጋሉ፤ እያንዳንዷ ጉድጓድ አንድ ዚክር ናት። ትንሽ እንደሄድን ወደ ድልድይ የምትወርድ ቁልቁለት አገኘሁ። ማርሽ አወጣሁና በፎሌ ለቀቅኋት። መጀመሪያ እንዴት ደስ ይላል! ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ፣ ናፍጣዬ ሆዷ ውስጥ ተኝታ እኛ እየሄድን። ጥቂት ቆይታ ግን ወይዘሮዋ ያን ክብሯን ሁሉ ረስታ እንደ ኮረዳ መሮጥ ጀመረች። ፍሬን ያዝኩ። ደግሜ ያዝኩ። ረገጥኩ።

"አንድ ነገር ሸተተኝ" አሉ ጋሼ በየነ።

"ፍሬኑ ነው፣ ትንሽ ሞቆት ነው።"

"እሱም መስኮት ተዘግቶበት ይሆናል።"

የሐጂ ዚክር ቆመ። ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ማርሽ መልሼ አስገባሁ፣ ሞተሩ አጓርቶ ያዛት፤ ሁላችንም ወደ ፊት ሰግደን ተመለስን። ባጃጅ ነጂዎቹ በፎሌ እንኖራለን ሲሉኝ፣ ባጃጅ ቢገለበጥ በእጅ ተነስቶ እንደሚቆም ማሰብ ነበረብኝ። ወይዘሮዋን ማን ያነሳታል? ከዚያች ድልድይ ወዲህ ቁልቁለት የምወርደው በማርሽ ነው፣ ቀስ ብዬ። ለሽማግሌዎቼም ይቅርታ ጠይቄ መስኮቱን ከፈትኩላቸው። ጋሼ በየነ ራሳቸውን አውጥተው የተነፈሱት አተነፋፈስ አሁንም በጆሮዬ አለ።

ደብረ ሲናን አለፍን። ዳገቱ ጀመረ። በየጥምዝምዙ ወይዘሮዋ መሪዋን እየታገለችኝ፣ ከሥሯ እየተንቋቋች፣ እያቃሰተች ወጣች። እርጅና ነው አልኩ፤ በልቤም ይቅርታ ጠየቅኳት። የነዳጅ መርፌዋ ግን የምትወርደው እኛ በወጣነው ልክ ነበር። እኛ ጉሙ ውስጥ ስንገባ እሷ ቀዩ ውስጥ ገባች።

አስፋልቱን ለቀን ወደ ጋሼ ዘውዴ ቤት የሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ሥር ስንደርስ ቀና ብዬ አየሁት። ግድግዳ ነው። ይህን ይዣቸው ብወጣና ናፍጣው መሐል ላይ ቢያልቅ፣ ሽማግሌ ጭኖ ወደ ኋላ የሚንሸራተት መኪና ደጃቸው ላይ አሳይቼ ማን ልጁን ይሰጠናል?

"ሐጂ፣ ጋሼ" አልኩ፣ "እንደ አባቶቼ ነው የማያችሁ።"

"ውረዱ ልትዪን ነው" አሉ ሐጂ።

"ዳገቱን ብቻ።"

"እየሄድሽ ነው የምንወርደው ወይስ ትቆሚያለሽ?"

ቆምኩላቸው። ወረዱ። ጋሼ በየነ ሁለቱን ጋቢ ሰብስበው፣ ሐጂ ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ ጎን ለጎን ዳገቱን ተያያዙት። እኔም በአንደኛ ማርሽ፣ በእነሱ እርምጃ ልክ፣ ከኋላቸው እንደ ለቀስተኛ ተከተልኩ። በዚህ መሐል ጉሙ ተገፈፈ። ቀና ስል ከጉብታው ጫፍ ላይ አንድ ሰው ነጠላ ለብሶ፣ በትር ትከሻው ላይ አጋድሞ ቁልቁል ያየናል። ጋሼ ዘውዴ ናቸው።

አለቀልን አልኩ። ሽማግሌዎቿን ከመኪና አውርዳ እንደ በግ የምትነዳ ሴት ዘመድ ልትሆናቸው! እነዚያ የደብረ ብርሃኖቹ እኮ እስከ በሩ ድረስ ነው በአዲስ መኪና የመጡት።

ሽማግሌዎቹ እያለከለኩ ግቢ ገቡ። እኔ ሴትም ሾፌርም ስለሆንኩ ሽምግልናው ውስጥ ቦታ የለኝም፤ ወይዘሮዋን ከአጥሩ ጥግ አቁሜ፣ ጎማ የማይ መስዬ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ጆሮዬን ሰጠሁ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ ጋሼ ዘውዴ።

"ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም" አሉ ጋሼ በየነ። ድምፃቸው ተቀመጡ ተቀመጡ ይላቸው ነበር።

"ከላይ ሆኜ አየኋችሁ። ዳገቱ ሥር ስትደርሱ ከመኪናው ወርዳችሁ በእግራችሁ መጣችሁ።"

ሐጂ ሳል ጀመራቸው። ጋሼ በየነ "አዎ፣ እሱ እንኳ..." ብለው ጀመሩና ተዉት።

"ስሙኝ" አሉ ጋሼ ዘውዴ። "እኔ አባቴ ሲያሳድገኝ ዳገት ላይ ከበቅሎ ያልወረደ ሰው ቤታችን ውሃ አይሰጠውም ነበር። ለተሸከመው ፍጥረት ያላዘነ ለሚስቱ አያዝንም ይል ነበር። ባለፈው የመጡት ሰዎች እዚህ በር ድረስ እያጓሩ መጥተው ክላክስ ነፉ። በቅሎዬ ደንብራ ገመድ በጠሰች፤ ዞር ብሎ ያያት እንኳ የለም። እናንተ ግን ለብረት አዘናችሁ። ነፍስ ለሌለው! ልጄን ቆላ ለመስጠት የፈራሁት ሙቀቱን አልነበረም፣ የማላውቀውን ሰው ነበር። አሁን አወቅኋችሁ። ሰጥቻችኋለሁ። ተቀመጡ።"

እልልታዬ አምልጦኝ ወጣ። ጎማ የማይ ሰው እልል ማለቱ እህትነቴን አጋለጠና "ነይ ግቢ" ተባልኩ። ገባሁ። ጽጌ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች፤ ወይ ታለቅሳለች፣ ያልለየለት ነገር ነበር። ትኩስ የባቄላ እሸት ቀረበልን። ለሐጂ ወተት መጣላቸው። ጋሼ በየነ ተቀምጠው መነሳት ተሳናቸው። እኔ ለደረጀ ደወልኩ። "ብላ" አልኩትና ዘጋሁት።

እዚህ ላይ ተሰናብተን ብንወጣ ኖሮ ታሪኬ እንዴት ያምር ነበር! ጋሼ ዘውዴ ግን ማኅበር አላቸው፤ የሚሰበሰቡበት ቤት አስፋልቱ ዳር ነው። "እስከዚያ አድርሽኝ፤ ያችን የታዘነላት መኪናም ልያት" አሉና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቦርሳዬ እግራቸው ጋ ተንጠልጥሎ ነበርና ሊያነሱልኝ ሲሞክሩ እጃቸው ከማርሹ ጎን ካለች አጭር ዱላ ጋር ተገናኘ።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"ረዳት ናት፣ ጋሼ። ጭቃና አሸዋ ሲይዘን የፊት ጎማዎቹም አብረው እንዲጎትቱ የምታደርግ ናት። ብዙ ናፍጣ ስለምትበላ ሁልጊዜ አትገባም።"

"አሁን ወጥታለች?"

አየኋት። ከዚያ ደግሜ አየኋት። ገብታለች!

ይቺን ዱላ እስካሁን ያልነገርኳችሁ ልደብቃችሁ ፈልጌ አይደለም። እኔም ረስቻት ነው። ባለፈው ክረምት ለሽንኩርት ሮቢት ወንዝን ስሻገር አሸዋ ያዘኝና ወርጄ የፊት ጎማዎቹን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን ቁልፍ ቆለፍኩ፣ ረዳቷንም አስገባሁ። ከዚያ ሳላወጣት ቤቴ ገባሁ። በማግሥቱ ቦርሳዬን የማንጠለጥልበት ቦታ ስፈልግ አገኘኋት፤ ለመስቀያነት የተሠራች ነበር የምትመስለው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ወይዘሮዋ በደረቅ አስፋልት ላይ፣ በአራት እግሯ፣ እርስ በርሷ እየተጓተተች ሽንኩርቴን ስታመላልስ ኖራለች። እኔ ደግሞ እርጅና ነው እያልኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የገባችው?" አሉ ጋሼ ዘውዴ።

"ከ... ክረምት።"

ከኋላ ወንበር ሁለቱም ሽማግሌዎች አንገታቸውን አሰገጉ።

"ስለዚህ" አሉ ጋሼ በየነ በቀስታ፣ "እኔ የተቀቀልኩት?"

"እኔስ የሮጥኩት?" አሉ ሐጂ። "ሙላትስ የቀረው? ያንን ዳገትስ በእግራችን..." ትንፋሽ አጠራቸው። "ወላሂ፣ ልጄ፣ አንቺ ለብረት አይደለም፣ ለሥጋም አታዝኚ!"

ወርጄ የፊት ጎማዎቹን ቁልፍ ፈታሁ፣ ረዳቷን መለስኩ፣ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ቁልቁል ስንወርድ መሪዋ እንደ ቅቤ ዞረልኝ። ከሥሯ መንቋቋቱ ጠፋ። እኔ ግን አልተደሰትኩም። የሰጡትን ሊነሱ ነው እያልኩ በጎን አያቸዋለሁ፤ ሰውየው በትራቸውን አገጫቸው ሥር አቁመው መንገዱን ብቻ ያያሉ። ለተሸከመው ያዘነ ብለው ልጃቸውን የሰጡን ሰው፣ ተሸካሚዋን ከክረምት ጀምሮ እግሯን አስሬ ስነዳት እንደኖርኩ ሰምተዋል። ደረጀ ደግሞ አሁን እየበላ ነው።

አስፋልቱ ጋ ቆምኩ። ወረዱ። በሩን ይዘው ጎንበስ ብለው አዩኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ።"

"ይጠይቁኝ፣ ጋሼ።"

"ወንድምሽ መኪና ይነዳል?"

"ኧረ አይነዳም! ነክቶም አያውቅ!"

ወደ ኋላ ወንበር ዞር ብለው ሁለቱን ሽማግሌዎች አዩአቸው፤ መጀመሪያ ጋቢዎቹን፣ ከዚያ ከዘራውን። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። እስኪያስለቅሳቸው ሳቁ።

"እንግዲያው" አሉ በሩን እየዘጉ፣ "የሠርጉን ቀን ቁረጡ።"